ድንችን ደቍሶና አጣፍጦ ለማዕድ ስለ ማቅረብ

የምግብ ክብር በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ከምድር ሲበቅል የተሰጠው ጠባዩ ነው፤ ሁለተኛው በሰው እጅ ሲሰናዳ የሚያገኘው ጣዕሙ ነው። ጤፍ በማሳ ላይ ሳለ ሣር ይመስላል፤ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ፣ ቦክቶና ተጋግሮ ግን የማዕድ ሁሉ ራስ ይሆናል። ድንችም እንዲሁ ነው። ከአፈር ወጥቶ በውኃ ብቻ ተቀቅሎ በጨው ቢበላ ረኀብን ያስታግሣል እንጂ እንግዳን አያስከብርም፤ በሚገባ ተቀቅሎ፣ ተደቍሶና ተጣፍጦ ቢቀርብ ግን በሽማግሌም በካህንም ፊት የሚቀመጥ መብል ይሆናል። ይህም ጽሑፍ ድንችን እንዲህ ወዳለው ክብር የሚያደርሰውን አሠራር ያስረዳል።

በመካነ ኢየሱስ አካባቢ ስላለው ነገር

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር የምትገኝ የእስቴ ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ አለ። በዚህ ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር እንደሚበቅል ሁሉ ድንችም በብዛት ይበቅላል። ድንች ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ስለሚደርስ፣ ያለፈው ዓመት እህል ከጎታ ተሟጥጦ አዲሱ ገና ባልደረሰበት በክረምቱ ወራት ቤተ ሰብን ደግፎ የሚያሻግር እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ድንች የችግር ቀን ምግብ ተብሎ ይቈጠራል። በነሐሴ ወር እንግዳ በድንገት ቢመጣ፣ የቤት እመቤት በጓዳዋ ድንች ሞልቶ ሳለ ድንቹን ትሸሽገዋለች፤ ከጎረቤትም ጤፍ ለመበደር ትወጣለች። ያ ብድር ደግሞ በመከር ጊዜ ከአውድማ ላይ ይከፈላል። እንዲሁም ልጅ በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ እንጀራ የለም ተብሎ ባዶ ሆዱን የሚሄድበት ቀን አለ፤ ድንቹ ግን በቤት ውስጥ ይጎነቍላል። ስለዚህ የድንችን አሰነዳድ ማወቅ የምላስ ደስታ ብቻ አይደለም፤ ቤትን ከዕዳ፣ ልጅንም ከረኀብ የሚጠብቅ ዕውቀት ነው።

ድንች ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ገባ

ድንች በመጀመሪያ የተገኘው በደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ በሚባሉት ታላላቅ ተራሮች ላይ፣ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባሉት አገሮች ነው። በዚያ የሚኖሩ ሰዎች ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት ከዱር አውጥተው አለመዱት። በ16ኛው መቶ ዓመት የእስጳንያ ሰዎች ወደ ኤውሮፓ አመጡት።

ወደ አገራችን ያስገባው ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ የጀርመን የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም በኤውሮፓ አቈጣጠር 1858 ዓ.ም.፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ነው። ሺምፐር በትግራይ ብዙ ዓመታት ኖሮ በ1878 በዐድዋ ሞተ። ሕዝቡ ግን አዲሱን ተክል ቶሎ አልተቀበለውም። በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1888 እስከ 1892 ድረስ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ በሆነ ጊዜ፣ ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ በተጨነቀበት ወራት ድንች ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ። ድንች ያለ በሬም በመቈፈሪያ ይተከላልና። እንግዲህ ድንች በሰው ልብ የገባው ከረኀብ ጋር ተያይዞ ነው፤ እስከ ዛሬም የሚደርስበት ንቀት ከዚህ የመጣ ይመስላል።

እንዲህ ያለው ንቀት በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በፈረንሳይም ድንች የከብትና የድኃ ምግብ ይባል ነበር፤ አንዳንዱም ለምጽ ያመጣል ብሎ ይፈራው ነበር። አንቷን ፓርማንትዬ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ ከ1756 እስከ 1763 በተደረገው ጦርነት በፕሩስያ ተማርኮ ሳለ ድንች ይመገብ ነበር፤ ጤናውም እንዳልተጓደለ አስተዋለ። ወደ አገሩ ተመልሶ ሕዝቡን በክርክር ብቻ ከማስረዳት ይልቅ፣ ታላላቅ ሰዎችን ግብር እየጠራ ድንችን በልዩ ልዩ አሠራር አቀረበላቸው። ንጉሥ ሉዊ 16ኛም የድንች አበባ በልብሱ ላይ አድርጎ እንደ ታየ ይነገራል። ታላላቆቹ የበሉትን ሕዝቡ አልናቀውም። ዛሬ በፈረንሳይ ከተከተፈ ሥጋ በላይ የተደቈሰ ድንች ተደርቦ የሚጋገረው ምግብ በዚህ ሰው ስም ይጠራል።

ለመደቈስ የሚስማማውን ድንች ስለ መለየት

ድንች ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። አንዱ ሲበስል እንደ ዱቄት ይፈረካከሳል፤ ይህ ለመደቈስ ይስማማል። ሌላው ሲበስል እንደ ሰም ጠንክሮ ቅርፁን ይጠብቃል፤ ይህ ለወጥና ለሰላጣ ይሻላል። በሆለታ የእርሻ ምርምር ወጥተው በገበሬው ዘንድ የታወቁት ጃለኔ በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠም በ2009 በኤውሮፓ አቈጣጠር የተለቀቁ ናቸው። ከእነዚህም ሆነ ከነባሩ የአገር ድንች የትኛው እንደሚሻል በትምህርት ቤት በቀላል ፈተና ሊታወቅ ይችላል።

አስተማሪው 1 ሲኒ ጨው በ11 ሲኒ ውኃ አሟሙቶ፣ ጥሬውን ድንች ሳይልጥ ይጨምርበት። ወደ ታች የሰጠመው ዱቄት የበዛበት ነው፤ ለመደቈስ ይሆናል። የተንሳፈፈው ውኃ የበዛበት ነው፤ ለወጥ ይሁን። ተማሪዎች ይህን በዐይናቸው ካዩ ለእናቶቻቸው ይነግራሉ።

ስለ አቀቃቀሉ

ድንቹ በሚገባ ታጥቦ ከነልጣጩ ይቀቀል። ልጣጩ ሰውነትን የሚጠቅመው ነገር ወደ ውኃው እንዳይወጣ፣ ውኃውም ወደ ድንቹ ገብቶ እንዳያላቍጠው ይከላከላል። በድስቱ ውስጥ የሚገቡት ድንቾች መጠናቸው የተቀራረበ ይሁን። በፈላ ውኃ ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ ይጣዱ፤ በፈላ ውኃ የተጣደ ድንች ውስጡ ሳይበስል ውጭው ይፈርሳልና።

በደጋ አገር አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሙቀት ይፈላል፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በ3,000 ሜትርም በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ስለ ሆነ ድንቹ ለመብሰል ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በደጋ የምትኖር እመቤት ድስቱን ትክደን እንጂ ማገዶ አትጨምር፤ ማገዶ ቢበዛ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። እንጨት በጠፋበት አገር ይህን ማወቅ ታላቅ ጥቅም ነው።

የሸንበቆ ስንጥር ወይም ቢላዋ ያለ ችግር እስከ መካከሉ ከገባለት ድንቹ በስሏል። ውኃው ይጠንፈፍ፤ ድንቹም ለጥቂት ጊዜ በባዶው ትኩስ ድስት ይቈይና እንፋሎቱ ይውጣ። ርጥበቱ የወጣለት ድንች ቅቤውንና ወተቱን ይጠጣል።

ስለ አደቋቈሱ

ድንቹ ትኩስ ሳለ ተልጦ በገበቴ ውስጥ በእንጨት ማንኪያ ወይም በማማሰያ ራስ በቀስታ ይደፍጠጥ። በሙቀጫ ግን አይወቀጥ። በድንች ውስጥ ስታርች የሚባል ነጭ ዱቄት በጥቃቅን ከረጢት ተቋጥሮ ይገኛል፤ በኃይል ሲወቀጥ ከረጢቱ ይቀደድና ዱቄቱ ወጥቶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ይህም በምላስ ላይ ደስ አያሰኝም። አስተማሪው ከአንድ ድስት ድንች ግማሹን በማንኪያ አስደፍጥጦ፣ ግማሹን በሙቀጫ አስወቅጦ ቢያሳይ፣ ተማሪዎች ልዩነቱን ፈጥነው ያስተውላሉ።

በፍስክ ጊዜ ስለ ማጣፈጥ

ለ1 ኪሎ ድንች 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና 1 ብርጭቆ የሞቀ ወተት ይበቃል። መጀመሪያ ቅቤው ይግባ፤ ቅቤው ዱቄቱን ስለሚያለብሰው ድንቹ አይጣበቅም። ቀጥሎ ወተቱ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይማሰል። ወተቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ድንቹን ያቀዘቅዘዋልና ይሙቅ። ጨው በመጨረሻ ይቀመስ።

ቅቤው በኮረሪማ፣ በበሶብላ፣ በኮሰረትና በአብሽ የተነጠረ እንደ ሆነ ሌላ ቅመም ሳይፈልግ ድንቹን ያሸተዋል። ከዚህ የበለጠ የሚፈልግ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ በረመጥ ቀብሮ ያብስል፤ ሲለሰልስ ጨምቆ ከድንቹ ጋር ያዋሕድ። በረመጥ የበሰለ ነጭ ሽንኩርት ማቃጠሉን ትቶ ይጣፍጣል። ከደጋ የተለቀመ ጦስኝ ደርቆ፣ በእጅ ታሽቶ በላዩ ቢነሰነስ መዓዛው ያምራል። ወተት በታጣ ጊዜ አይብ ገብቶበት ቢማሰል ጥቂት ኮምጠጥ ይላል፤ ድንቹ የጎደለውንም የሥጋ መገንቢያ ይጨምርለታል።

በጾም ጊዜ ስለ ማጣፈጥ

የዓመቱ ብዙ ቀን ጾም ስለ ሆነ፣ ቅቤና ወተት ከሌለ ድንች አይጣፍጥም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በወተት ፈንታ ድንቹ የተቀቀለበት ውኃ ጥቂት ይግባበት፤ በቅቤም ፈንታ የኑግ ዘይት ይሁን። ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ በዘይት እስኪቀላ ድረስ ይቍላላ፤ ዝንጅብልና እርድ ይጨመርበት፤ ይህ ቍሌት ከተደቈሰው ድንች ጋር ሲዋሐድ መልኩ እንደ ወርቅ ቢጫ ይሆናል።

ሌላው መንገድ ሰናፍጭ ነው። እልበትና ስልጆ የሚወድ ሰው የሰናፍጭን ኃይል ያውቃል። በጥብጦ የተዘጋጀ ሰናፍጭ ጥቂት በድንቹ ውስጥ ቢገባ፣ ከደቀቀ ቃሪያ ጋር ለእንጀራ ማባያ ይሆናል። የህንድ ሰዎችም የተቀቀለ ድንች ደፍጥጠው በሰናፍጭ ዘይት፣ በቃሪያና በጥሬ ሽንኩርት አጣፍጠው ይበላሉ፤ አገሩ ቢራራቅም የምላሱ ምርጫ ተገናኝቷል። እንዲሁም ሰሊጥ ተቈልቶ፣ ተወቅጦ ቢነሰነስበት፣ ወይም ሱፍ ተቈልቶና ተወቅጦ ከተጠለለ በኋላ ነጩ ውኃ በወተት ፈንታ ቢገባበት፣ የጾሙ ድንች ከፍስኩ አያንስም።

ከጎመንና ከጥራጥሬ ጋር ስለ ማዋሐድ

ከ100 እጅ ድንች 80 ያህሉ ውኃ ነው፤ ከቀረውም አብዛኛው ኃይል ሰጪው ዱቄት ነው። የሥጋ መገንቢያው 2 እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅ በድንች ብቻ ሊያድግ አይገባውም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ወተት ወይም እንቍላል ሊጨመርለት ያስፈልጋል።

በኬንያ የኪኩዩ ሰዎች ድንችን ከአተር፣ ከበቆሎና ከቅጠል ጋር አብረው ደፍጥጠው ይበላሉ፤ ስሙንም ኢሪዮ ይሉታል። በእስቴ አገርም አተርና ባቄላ ስለማይታጣ፣ የበሰለ የአተር ክክ ከድንች ጋር ቢደፈጠጥ ተመሳሳይ ምግብ ይገኛል። በአየርላንድ ደግሞ ድንችን ከተቀቀለ ጎመንና ከቅቤ ጋር ያዋሕዳሉ፤ ይህም የእኛን አይብ በጎመን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የዚያው አገር ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የአየርላንድ ድኃ በድንች ብቻ ተደግፎ ይኖር ስለ ነበር፣ ከ1845 ጀምሮ በሽታ ድንቹን ሲያበሰብሰው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና በደዌ አለቀ። ድንች ከእህልና ከጥራጥሬ ጋር ሲሆን ረዳት ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን የማይታመን ምሰሶ ነው።

ስለ አቀራረቡ

ምግብ ከመቀመሱ በፊት በዐይን ይታያልና አቀራረቡ ሊታሰብበት ይገባል።

አንደኛው አቀራረብ እንደ ገንፎ ነው። ድንቹ ትኩስ ሳለ በጣባ ተከምሮ፣ ዙሪያው በርጥብ ማንኪያ ተስተካክሎ፣ መካከሉ ይጎድጎድ፤ በጕድጓዱም በርበሬ የገባበት የቀለጠ ቅቤ ይፍሰስ። በጾም ድልህ በዘይት ተበጥብጦ ይሁን። ሁሉም በየፊቱ ካለው እየቈረሰ ወደ መካከሉ ያጠቅሳል። ገንፎ በአገራችን የደስታና የአራስ ቤት ምግብ ስለ ሆነ፣ ድንች ይህን መልክ ለብሶ ሲቀርብ ማንም አይንቀውም።

ሁለተኛው በእንጀራ ላይ ነው። ነጩ ድንች በአንድ ወገን፣ ጎመኑ በሌላው፣ ምስር ወጡ በመካከል ሲሆን መልኩ ያማረ ይሆናል፤ ጥቂቱ እንጀራም ለብዙ ሰው ይበቃል።

ሦስተኛው ድርብ ነው። ቀይ ወጥ ወይም ምስር በሸክላ ድስት ከሥር ይደረግ፤ ድንቹ በላዩ ይልበስ፤ ድስቱም ተከድኖ በክዳኑ ላይ ፍም ይደረግበት። ላዩ ወዛም ቡናማ ሲሆን ይቅረብ።

አራተኛው ለተማሪ ስንቅ የሚሆነው ነው። ከማታ የተረፈው ድንች ከደቀቀ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተዋሕዶ፣ በእጅ እንደ ትንሽ ዳቦ ተድቦልቡሎ ጠፍጠፍ ይበል፤ ዘይት በተቀባ ምጣድ ላይ ሁለቱም ወገን ይጠበስ። በፍስክ አንድ እንቍላል ቢገባበት አይፈርስም፤ በጾም አንድ እፍኝ የሽሮ ዱቄት ያያይዘዋል። ልጅ ይህን በእጁ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ቢሄድ፣ ከባልንጀሮቹ ፊት አያፍርም።

ስለ ጥንቃቄ

ድንች ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴነቱም ሶላኒን የሚባል መርዝ እንደ በዛበት ምልክት ነው። ይህ መርዝ ማስታወክን፣ የሆድ ቍርጠትንና ተቅማጥን ያመጣል፤ በመቀቀልም አይጠፋም። ስለዚህ ድንች በጨለማና ነፋስ በሚያገኘው ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ በመጠኑ የጎነቈለ እንደ ሆነ ጕንቍሉ ከነሥሩ ተቈርጦ ይጣል፤ ብዙ አረንጓዴ የሆነው ወይም መራራ የሆነው ግን ለልጅም ለሽማግሌም አይሰጥ። የተደቈሰው ድንች ወተት ከገባበት ቶሎ ይበላሻልና በሙቅ ስፍራ ሲውል አይደር፤ ቢተርፍ በቀዝቃዛ ስፍራ ተከድኖ ይቀመጥ፤ በማግሥቱም በሚገባ ሳይሞቅ አይበላ።

ለአስተማሪዎችና ለሽማግሌዎች የተተወው ድርሻ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ከሩቅ አገር የሚመጣ ዕቃ አይፈልግም። ድንቹ ከጓሮ፣ ጎመኑ ከጓሮ፣ ቅቤው ከላሚቱ፣ ኑጉና ሰናፍጩ ከማሳ ወይም ከገበያ ነው። የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ድንችን ለሰው ፊት ማቅረብ አያሳፍርም የሚል ሰው ነው።

የቤት እመቤት ድንቹን የምትሸሽገው ስለማይጣፍጥ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌው ምን ይለኛል ብላ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚቃናው በሽማግሌው ነው። እርሱ በክረምት ወደ ጎረቤት ቤት ገብቶ፣ ተደቍሶ በቅቤ የተጣፈጠ ድንች ቢቀርብለት፣ እጁን ታጥቦ፣ ባርኮ፣ አስቀድሞ ቢቈርስና «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ቢያመሰግን፣ በዚያ ቀን አንዲት ሴት ከብድር ትድናለች፤ ወሬውም ወደ ሌላው ቤት ይደርሳል። አስተማሪውም የጨዉን ፈተናና የሙቀጫውን ፈተና ለልጆቹ ቢያሳይ፣ ልጆቹ ለእናቶቻቸው መልእክተኞች ይሆናሉ።

የአባቶች ልማድ እንግዳን ቤት ባፈራው ነገር መቀበል ነው። ቤቱ ያፈራው ድንች በሆነ ጊዜ፣ ድንቹን አክብሮ ማሰናዳት የእመቤቲቱ፣ አክብሮም መቀበል የእንግዳው ፈንታ ነው።